ጸሎተ ሃይማኖትና መቁጠሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ አንዲት ትንሽ የታተመች ወረቀት በልጅዋ እጅ ገባች። በወረቀቲቱ ላይ የዘጠኝ ቀን ጸሎት ተጽፎባታል። ከጸሎቱም በታች፥ ይህን ጸሎት ዘጠኝ ቀን ሙሉ፥ ቀን ሳይሰብር ሰዓትም ሳያዛንፍ ያደረሰ ሰው የለመነውን ሳያገኝ አይቀርም፤ መካከል ላይ ያቋረጠው ግን ልመናው ከንቱ ይሆንበታል የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረባት። ማን እንደ ጻፋትና ማን እንዳሳተማት የሚገልጽ ስም የለባትም። ልጅቱም ሰባት ቀን ሙሉ በእናትዋ አልጋ አጠገብ ተንበርክካ ጸለየች። በስምንተኛው ቀን ሕመሙ ስለ ጠናባት እናትዋን በሰው ሸክም ወደ ሐኪም ቤት አደረሰቻት፤ ሌሊቱንም መድኃኒት ስትፈልግ፥ ውሃ ስታቀብል፥ ላብ ስትጠርግ ነጋባት። ጸሎቱም ታለፈ። አክስቴ በሦስተኛው ቀን ዐረፈች።

ለቅሶ ላይ ከተቀመጡት ሴቶች አንዲቱ፥ ክፉ አስባ ሳይሆን እንዲያው አፍዋ አምልጧት፥ «ምነው ልጄ፥ ሁለት ቀን ብቻ ሲቀርሽ ባታቋርጪው ኖሮ!» አለቻት። ሴትዮዋ ይህን ተናግራ ቡናዋን ጠጥታ ወደ ቤትዋ ሄደች፤ ቃሉ ግን በልጅቱ ልብ ተተክሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ከቍርባን ራቀች፤ ቀጥሎ ንስሐ መግባት ተወች፤ በመጨረሻም በእሑድ ቅዳሴ እንኳ የሚያያት ጠፋ። በሁለተኛው ዓመት ሙት ዓመት ላይ ለብቻችን ተቀምጠን ምክንያቱን ብጠይቃት፥ «ጋሼ፥ እናቴን የገደልኋት እኔ ነኝ፤ ሁለት ቀን መታገሥ አቅቶኝ። ታዲያ በምን ፊቴ እቈርባለሁ?» አለችኝ።

እኔም «ተይ እንጂ፥ እንዲህ አይባልም» ከማለት በቀር የምመልስላት አጣሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ትምህርተ ክርስቶስ የተማርሁ ካቶሊክ ነኝ፤ ጸሎቱንም ሥርዓቱንም በቃሌ ዐውቀዋለሁ። ነገር ግን ከምናደርገው ሁሉ የቱ ዕዳ፥ የቱ ደግሞ በፈቃድ የሚቀርብ ስጦታ እንደ ሆነ ለይቼ ላስረዳት አልቻልሁም። የሚያሳዝነውም ይህ ነበር፤ ልጅቱ ግዴታዋ ያልነበረውን ነገር አጓደልሁ ብላ ግዴታዋ የነበረውን ሁሉ ጥላዋለች። አፍሬ ወደ ቤቴ ገባሁና መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ በታች የምነግርህ ያን ጊዜ ያነበብሁትንና ከዚያም ወዲህ የጨመርሁበትን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጆችዋን በግድ እመኑ የምትልበት ነገር ወሰን አለው። መሠረቱ በ325 ዓመተ ምሕረት በኒቅያ ተጀምሮ በ381 በቍስጥንጥንያ የተፈጸመው ጸሎተ ሃይማኖት ነው፤ እኛም በግእዝ ቅዳሴያችን የምንደግመው እርሱን ነው። በ431 በኤፌሶን የተሰበሰቡት አባቶች ድንግል ማርያምን ወላዲተ አምላክ ብሎ መጥራት እንዲገባ ወሰኑ። ከዚያም ወዲህ ልዩ ልዩ ጉባኤዎች እየተሰበሰቡ የሚያከራክረውን ነገር ተርጕመዋል፤ ዳሩ ግን ከሐዋርያት ሞት በኋላ አዲስ ወንጌል መጣ ያለ ጉባኤ የለም። በሥራ በኩል የሚፈለገውም እንዲሁ የተቈጠረ ነው። እሑድንና በዓላትን ቅዳሴ ማስቀደስ አለ፤ በ1215 በሮማ የላተራን ጉባኤ ደግሞ ለአካለ መጠን የደረሰ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲናዘዝና በፋሲካ እንዲቈርብ ታዘዘ። በዓመት አንድ ጊዜ! ይህን ሳነብ ሕጉ ስንት ነገር እንዳልጠየቀን አይቼ ተደነቅሁ።

ስለ ቅዱሳን ምልጃ የተወሰነውን ቃል ፈልጌ ያገኘሁት በትሬንቶ ጉባኤ ነው። ይህ ጉባኤ በ1545 ተጀምሮ በ1563 ያለቀ ነው፤ በመጨረሻውም ስብሰባ፥ በታኅሣሥ 1563፥ ቅዱሳንን መለመን መልካምና ጠቃሚ ነው ብሎ አስተማረ። አባቶቹ በዚያ ዘመን ከሉተር ተከታዮች ጋር በብርቱ ይከራከሩ ስለ ነበር የበረታ ቃል ለመጻፍ ምክንያት አላጡም ነበር፤ ቢሆንም ያለዚህ የሚድን የለም አላሉም። ቅዱሳንን መለመን ክፉ ነው የሚለውን ሰው ጉባኤው ይነቅፈዋል፤ ዛሬ ማታ ደክሞት ቅዱሳንን ሳይለምን የተኛውን ሰው ግን የሚነቅፍበት ቃል የለውም። ሁለቱ ነገሮች እጅግ የተራራቁ ሲሆኑ በብዙ ሰው አእምሮ አንድ ላይ ተቋጥረው ይኖራሉ።

አሁን ወደ መቁጠሪያው ልምጣ፤ እኛ ካቶሊኮች ከሁሉ ይልቅ ግዴታ የሚመስለን እርሱ ነውና። በአገራችን መነኮሳት ዳዊት ሲደግሙ እንዲያድሩ፥ በአውሮፓም ገዳማት መቶ ኀምሳውን መዝሙር መድገም የመነኮሳት ሥራ ነበር። ነገር ግን በገዳሙ ውስጥ እርሻ የሚያርሱ፥ ከብት የሚጠብቁ፥ ፊደል ያልቈጠሩ ወንድሞች ነበሩ። እነዚህ በመዝሙሩ ፈንታ «አባታችን ሆይ»ን መቶ ኀምሳ ጊዜ ይደግሙ ዘንድ ተፈቀደላቸው፤ ቍጥሩም እንዳይጠፋባቸው በክር ላይ የተሰካ ፍሬ ያዙ። ፍሬዎቹን ሰዎች በላቲን «ፓተር ኖስተር» ማለትም «አባታችን» ይሏቸው ነበር፤ በሎንዶን ከቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በዚህ ስም የሚጠራ መንገድ አለ። ቈይቶም የመልአኩ ሰላምታ የ«አባታችን»ን ቦታ እየወሰደ ሄደ፤ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትሪየር ከተማ የነበረ ዶሚኒክ የሚባል የካርቱዚያን መነኩሴ ከእያንዳንዱ ሰላምታ ጋር ከጌታ ሕይወት አንድ ነገር ማሰብን ጨመረበት። እንግዲህ መቁጠሪያው ማንበብ ለማይችል ሰው የተሰጠ መዝሙረ ዳዊት ነበር ማለት ነው። ለደካማ ምርኵዝ ሆኖ የተወለደ ነገር በኋላ ደካማውን መምቻ ዱላ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

በልጅነታችን የተነገረን ታሪክ ሌላ ነበር። እመቤታችን በ1214 ለቅዱስ ዶሚኒክ ተገልጻ መቁጠሪያውን በእጁ ሰጠችው ይባል ነበር። ይህን ታሪክ ያስፋፋው አላን ደ ላ ሮሽ የሚባል፥ በ1475 የሞተ፥ ሰባኪ መነኩሴ ነው፤ ከእርሱ በፊት ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ግን ስለ ዶሚኒክ የጻፉት ሰዎች ይህን ነገር አላነሡትም። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ የታሪክ ሊቃውንት፥ ከካቶሊኮቹም ጭምር፥ ታሪኩን እንደ ተረት ይቈጥሩታል። ይህን ማወቅ የጸሎቱን ዋጋ አይቀንሰውም። በ1569 ጵዮስ አምስተኛ ሥርዓቱን አጸደቀ፤ በጥቅምት 7 ቀን 1571 የክርስቲያን መርከቦች በሌፓንቶ የቱርክን መርከቦች ድል በነሡ ጊዜ ፓፓው ድሉን ለዚህ ጸሎት ሰጠ፤ በዓልም ተሠራለት። ሊዮን ዐሥራ ሦስተኛ ከ1883 ጀምሮ ስለ መቁጠሪያ ብቻ ብዙ መልእክቶችን ጻፈ። ይህን ያህል ምስጋና የተቀበለ ጸሎት ግዴታ ቢመስል ምን ይገርማል?

ነገር ግን ያመሰገኑት ፓፓዎች ራሳቸው ወሰኑን አልዘነጉትም። ጳውሎስ ስድስተኛ በ1974 ስለ እመቤታችን ክብር በጻፈው መልእክት መቁጠሪያውን እጅግ ካመሰገነ በኋላ ምእመናን በዚህ ጸሎት ነገር ልባቸው ሳይጨነቅ ነጻ ሊሆኑ እንደሚገባ አስታወቀ። ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛም በ2002 አምስት አዲስ ምሥጢራትን ሲጨምር፥ ይህንኑ ጭማሪ መቀበሉን ለእያንዳንዱ ሰውና ማኅበር ፈቃድ ተወው። የሊዝዩዋ ቅድስት ተሬዛ እንኳ መቁጠሪያ ብቻዋን መድገም እንደሚከብዳትና አሳብዋ እንደሚበተንባት በገዛ እጅዋ ጽፋለች፤ ይህም በ1925 ቅድስት ከመባል፥ በ1997ም የቤተ ክርስቲያን መምህርት ተብላ ከመሰየም አላገዳትም።

በግድ የሚታመነውንና በፈቃድ የሚያዘውን ነገር አጠጋግቶ የሚያሳይ ከሉርድ ታሪክ የተሻለ አላገኘሁም። በታኅሣሥ 8 ቀን 1854 ጵዮስ ዘጠነኛ እመቤታችን ያለ አዳም ኃጢአት መፀነስዋን የሃይማኖት አንቀጽ አድርጎ ወሰነ፤ ይህን የሚክድ ሰው ካቶሊክ ነኝ ማለት አይችልም። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በየካቲት 11 ቀን 1858፥ በፈረንሳይ አገር ሉርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ቤርናዴት ሱቢሩ የተባለች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ እንጨት ልትለቅም ወጥታ በዋሻ አፍ አንዲት እመቤት አየሁ አለች። እስከ ሐምሌ 16 ቀን ድረስ ዐሥራ ስምንት ጊዜ ታየቻት። ልጅቱ ድኻ፥ በሽተኛ፥ ትምህርትም የሌላት ነበረች። የአጥቢያው ቄስ ፔራማል በቍጣ ተቀበላት፤ ስምዋን ጠይቂያት ብሎ መለሳት። በመጋቢት 25 ቀን ልጅቱ ትርጕሙን ያላወቀችውን ቃል በመንገድ እየደጋገመች ይዛ መጣች፤ ቃሉም ከአራት ዓመት በፊት በሮማ የተወሰነው ያ ቃል ነበር። ጳጳሱ መርማሪ ሾሞ አራት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ በጥር 18 ቀን 1862 መገለጡን አጸደቀ።

በሉርድ ስለ ተፈጸሙ ፈውሶች ከሺህ የሚበዛ ሰው አመልክቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ተአምር ብላ የተቀበለችው ግን ከሰባ እጅግም አይበልጥም። እንግዲህ አንድ ካቶሊክ «በ1854 የተወሰነውን አምናለሁ፤ በ1858 የሆነውን ግን አልተቀበልሁትም» ቢል ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም። ፕሮስፔሮ ላምበርቲኒ፥ በኋላ በነዲክቶስ ዐሥራ አራተኛ የተባለው ሊቅ፥ በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ስለ ቅዱሳን አሰያየም በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ፥ ለግል ሰው የተገለጠ ራእይ ቢጸድቅ እንኳ የሃይማኖት እምነት አይሰጠውም፤ የሚሰጠው ታማኝ ምስክር ለነገረን ነገር እንደምንሰጠው ያለ ሰብኣዊ እምነት ብቻ ነው፤ በበቂ ምክንያት፥ በትሕትናና ያለ ንቀት የማይቀበለውም ሰው አይበድልም ብሎ አስተምሯል። በ1907 ጵዮስ ዐሥረኛ፥ ለነገሩ ለዘብተኛ ያልነበረው ፓፓ፥ ይህንኑ ትምህርት ደገመው። በግንቦት 2024ም የሮማ ጽሕፈት ቤት ስለ መገለጦች አዲስ ሥርዓት ሲያወጣ፥ ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ልማድ ሆኖ የሚሰጠው ትልቁ ፍርድ «የሚከለክል ነገር የለም» የሚል እንዲሆን ወሰነ። የሚከለክል የለም ማለት ደግሞ የሚያስገድድ አለ ማለት አይደለም።

ስለ ወረቀቲቱስ? የእርስዋን ዓይነት ሳልፈልግ ያገኘሁት በ1954 ታሪክ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ለቅድስት ብርጊታ ተገለጡ የሚባሉ ዐሥራ አምስት ጸሎቶች በትንሽ መጽሐፍ ታትመው በብዙ አገር ይዞሩ ነበር። ጸሎቶቹን አንድ ዓመት ሙሉ ያደረሰ ሰው ይህን ያህል ነፍሳት ከዘመዶቹ ያወጣል፥ ይህን ያህል ኃጢአተኞች ይመለሱለታል የሚል የተቈጠረ ተስፋ ከፊታቸው ተጽፎ ነበር። በጥር 28 ቀን 1954 ሃይማኖትን የሚመረምረው የሮማ ጽሕፈት ቤት፥ ተስፋዎቹ ከሰማይ የመጡ ለመሆናቸው ምንም ማስረጃ እንደሌለ አስታውቆ ጳጳሳት መጽሐፉ እንዲታተም እንዳይፈቅዱ አስጠነቀቀ። ጸሎቶቹ የጌታን ሕማም የሚያስቡ ናቸው፤ ነውሩ ከጸሎቱ ጋር በተሰፋው የንግድ ውል ነበር። የአክስቴ ልጅ ወረቀት ከዚያ መጽሐፍ የተቀዳች ነች አልልም፤ ዳሩ ግን ጠባይዋ አንድ ነው። የዘጠኝ ቀን ጸሎት ራሱ ምንጩ ንጹሕ ነው፤ ከዕርገት እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀኖች ሐዋርያት ከእመቤታችን ጋር በአንድነት ሆነው ከጸለዩት የተወሰደ ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት ከሐዋርያት አንዱ አንድ ቀን ቢቀር መንፈስ ቅዱስ አይወርድም ያለ ማንም አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የአንዲት የፖላንድ መነኩሲት ነገር ነው። ፋውስቲና ኮቫልስካ በ1905 ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደች፤ ትምህርት ቤት የቈየችው ሦስት ዓመት ያህል ነው፤ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ኖራ በ1925 ገዳም ገባች። በዚያም ምግብ ታበስል፥ አትክልት ትኰተኵት፥ በር ትጠብቅ ነበር። በየካቲት 22 ቀን 1931 ማታ በክፍልዋ ሳለች ጌታን ነጭ ልብስ ለብሶ፥ ከልቡም ቀይና ነጭ ብርሃን ሲወጣ አየሁት አለች፤ ያየሽውን አሥዪው አለኝ ብላም ለአለቆችዋ ነገረች። በቪልና ከተማ የንስሐ አባትዋ የነበሩት ቄስ ሚካኤል ሶፖችኮ አስቀድመው ሐኪም እንዲመረምራት አደረጉ፤ አእምሮዋ ጤነኛ መሆኑ በተረጋገጠ ጊዜም የምታየውን ጻፊው አሏት። በ1934 ሠዓሊ ተፈልጎ ሥዕሉ ተሣለ። በመስከረም 1935 ደግሞ በተለመደው መቁጠሪያ ላይ የሚደገም አጭር ጸሎት፥ ዛሬ የመለኮታዊ ምሕረት መቁጠሪያ የሚባለውን፥ ተቀበልሁ ብላ ጻፈች። በጥቅምት 5 ቀን 1938 በሳምባ ነቀርሳ ሞተች፤ ዕድሜዋም ሠላሳ ሦስት ዓመት ነበር።

በዓመቱ ጦርነቱ ተነሣ። ፖላንዳውያን በየስደቱና በየእስር ቤቱ ይህን ጸሎት ይዘው ተበተኑ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በብዙ አገር ታወቀ። ነገር ግን የፋውስቲና ማስታወሻ በጥድፊያና በስሕተት ተገልብጦ ወደ ሌላ ቋንቋ ተተርጕሞ ነበር፤ ወደ ሮማም የደረሰው እንዲህ የተበላሸው ነው። በመጋቢት 6 ቀን 1959 ሮማ በፋውስቲና መንገድ የሚቀርቡት ሥዕሎችና ጽሑፎች እንዳይሠራጩ ከለከለች። አስበው እንግዲህ! ከጦርነትና ከረኃብ ያወጣኝ ይህ ጸሎት ነው የሚል ሰው፥ ይህን እንዳታሠራጭ ተባለ። ቄስ ሶፖችኮ ያን ጊዜ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ሃያ አምስት ዓመት የደከሙበት ነገር ሲፈርስ አይተው ቤተ ክርስቲያንን አልተዉም፤ ወይም ይህን ያልጸለየ አይድንም ብለው የራሳቸውን ማኅበር አላቆሙም። ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ማስተማራቸውንም አላቋረጡም፤ ያን ማንም አልከለከላቸውምና። በየካቲት 15 ቀን 1975 ክልከላው ሳይነሣ ሞቱ።

ክልከላው የተነሣው በሚያዝያ 15 ቀን 1978 ነው። የክራኮቭ ሊቀ ጳጳስ ካሮል ቮይቲዋ ከ1965 ጀምሮ የመነኩሲቲቱን ሕይወትና ጽሕፈት በትክክለኛው ቅጂ አስመርምሮ ስለ ነበር ስሕተቱ ታወቀ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ራሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ተብሎ ፓፓ ሆነ፤ በሚያዝያ 30 ቀን 2000 ፋውስቲናን ቅድስት አላት። እነሆ ዛሬ ሥዕሉ በአዲስ አበባም በየካቶሊኩ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ያሰብሁት ስለ እነዚያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት ነበር። ከ1959 እስከ 1978 ድረስ የኖረና የሞተ ካቶሊክ ከሃይማኖቱ ምን ጐደለበት? እግዚአብሔር መሐሪ ነው የሚለው ትምህርት በኦሪት ዘፀአት አለ፤ በዳዊት መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ተነዝቷል፤ በየቅዳሴው ላይ ይዜማል። ፋውስቲና ያመጣችው አዲስ ቅል እንጂ አዲስ ውሃ አልነበረም። ቅሉ ለጊዜው ቢከለከል ምንጩ አልተዘጋም፤ ቅሉ ሲፈቀድም ምንጩ አልጨመረም። ዛሬም ያን ጸሎት የሚወድ ይደግመዋል፤ የማይወደው ሰው አይበድልም። ምሕረቱን የሚክድ ግን የቱንም ያህል መቁጠሪያ ቢቈጥር ከወንጌል ውጭ ነው።

በእኛም አገር ለዚህ ነገር ምስክር አለ። አባ ገብረ ሚካኤል ጎጃም የተወለደ፥ አንድ ዓይኑ የጠፋ መነኩሴ ነበር። ወጣትነቱን ሁሉ የፈጀው በየገዳሙ መጻሕፍት በመመርመርና ቅባትና ጸጋ በሚባለው ክርክር እውነቱን በመፈለግ ነው። በ1841 ከዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ ጋር እስከ ግብፅና እስከ ሮማ ሄደ፤ በ1844 ካቶሊክ ሆነ፤ በ1855 በእግር ብረት እንደ ታሰረ ሞተ፤ በ1926 ብፁዕ ተባለ። የዚያን ዘመን ክርክር እዚህ ላነሣ አልፈልግም፤ በሁለቱም ወገን ለእምነቱ የጸና ሰው ነበርና። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ሰንሰለት የተሸከመው በክርስቶስ ባሕርይ ነገር እንጂ ጸሎቱን በምን ዓይነት መቁጠሪያ ይቈጥር እንደ ነበረ በሚጠይቅ ነገር አልነበረም። ደ ያቆቢስም ቢሆኑ ኢጣልያዊ ሳሉ ቅዳሴውንና ልማዱን ከአገሩ ተቀበሉ፤ ሃይማኖትና የአገር ጸሎት የተለያዩ መሆናቸውን ዐውቀው ነበርና።

ይሁን እንጂ ነገሩን አቃልዬ እንዳላሳስትህ አንድ ልጨምር። ዕዳውና ስጦታው ሁልጊዜ በግንብ የተለያዩ አይደሉም። በኅዳር 1 ቀን 1950 ጵዮስ ዐሥራ ሁለተኛ እመቤታችን በነፍስና በሥጋ ወደ ሰማይ መውጣትዋን የሃይማኖት አንቀጽ አድርጎ አወጀ። በእኛ አገር ግን ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ ሕፃናት ሳይቀሩ ከነሐሴ 1 ጀምረው ፍልሰታን ሲጾሙ ኖረዋል። ምእመናን በፍቅር ሲጸልዩት የኖሩትን ነገር ቤተ ክርስቲያን መርምራ አምናበት ስታውጅ እንዲህ አለ። ስለዚህ በፈቃድ የሚደረገውን ጸሎት የሴቶችና የሽማግሌዎች ጨዋታ አድርጎ የሚንቅ ወጣት ተማሪ ሲያጋጥመኝ አልወድለትም።

እንዲያውም የጃፓንን ታሪክ ልንገርህ። በዚያ አገር በ1614 ክርስትና ተከለከለ፤ ካህናቱ ተገደሉ ወይም ተባረሩ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቅዳሴ የለም፥ ቍርባን የለም፥ ኑዛዜ የለም። በመጋቢት 17 ቀን 1865 በናጋሳኪ አዲስ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጥቂት የኡራካሚ መንደር ሰዎች መጥተው ቆሙ፤ አንዲት ሴትም ወደ ፈረንሳዊው ቄስ ፔቲዣን ቀርባ ልባችን ከልብህ ጋር አንድ ነው ብላ በሹክሹክታ ነገረችው፤ ቀጥላም የሳንታ ማርያ ምስል የት እንደ ሆነ ጠየቀችው። እነዚህ ሰዎች ያቈዩት ጥምቀትን፥ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የሚተላለፍ ጸሎትን፥ በስውር የሚያዝ መቁጠሪያን ነበር። ግዴታ ያልሆነው ነገር ግዴታ የሆነውን እስኪመጣ ድረስ ጠብቆ አቈየው። ታዲያ ይህን ማን ይንቀዋል?

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ አክስቴ ልጅ ሄድሁ። ስለ 1215፥ ስለ ላምበርቲኒ፥ ስለ 1954 ማስጠንቀቂያ አንድ በአንድ ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፥ «ጋሼ፥ ይህ ሁሉ ደግ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት ለጸሎት የሰጠሁትን ሰዓት ሰብሬያለሁ። ቃል ገብቼ ነበር» አለችኝ። ለዚህ ደግሞ ያልተዘጋጀሁበት ሆነብኝ።

መልሱን ያገኘሁት ደ ያቆቢስ ከመጡበት ማኅበር መሥራች ከቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ነው። በ1660 የሞተው ይህ ቅዱስ በሽተኞችን እንዲያስታምሙ ላሰማራቸው እኅቶች፥ በጸሎት ሰዓት ድኻ በሽተኛ ከጠራችሁ ጸሎቱን ያለ ሐሳብ ትታችሁ ሂዱ፤ እግዚአብሔርን ትታችሁ የምትሄዱት ወደ እግዚአብሔር ነው ብሎ ያስተምራቸው ነበር። ይህን በነገርኋት ጊዜ ለረጅም ሰዓት አልተናገረችም። በኋላ፥ «ውሃውን በማንኪያ ነበር የማጠጣት። ከንፈርዋ ደርቆ ነበር» አለች፤ ከለቅሶው ቀን ወዲህም ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ወደ ንስሐ አባትዋ መቼ እንደ ሄደች አልጠየቅኋትም፤ እርስዋም አልነገረችኝም። በጾሙ መጨረሻ አንድ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ከሚቈርቡት ሴቶች ኋላ ቆማ አየኋት። ወረቀቲቱን ምን እንዳደረገቻት አላውቅም። መቁጠሪያው ግን የእናትዋ ነበረና አልጣለችውም፤ ከራስጌዋ ሰቅላዋለች። አንዳንድ ማታ ትደግመዋለች፤ እንቅልፍ ሲጥላት ደግሞ ካቆመችበት ፍሬ ላይ ትተወውና ትተኛለች።